ያልተጣበቀው ክዳን

«አተሯ ወደ ሳንባው ወርዳ ቢሆን ኖሮ እኮ ልጁ ዛሬ የለም» አለች አንደኛዋ መምህርት፣ ሲኒውን ከአፏ ሳታርቅ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ድሮም ዝርክርክ ነበረች» አለች ሁለተኛዋ።

ትንሿ ከኋላቸው ፔርሙስ ይዛ ቆማለች። ቡና ልትደግማቸው ነበር የመጣችው። ሁለቱ ሴቶች ዞር ብለው ሲያዩዋት ደነገጡና እኩል ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ እትዬ ቆርኪ! ምን ዓይነት ሰው አጣን!» አሉ። ሰው እንዲህ ነው፤ ምላሱን ለመገልበጥ አንድ ጊዜ ፉት የማለት ፋታ ይበቃዋል። ትንሿ ምንም እንዳልሰማች ሆና ቀዳችላቸው። ቡናው ግን ከሲኒው አልፎ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

ትንሿ ይሏታል እንጂ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣችላት ከትናንት በስቲያ የተቀበረችው ታላቅ እህቷ ናት። ታላቂቱን ደግሞ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም የሚያውቃት በእትዬ ቆርኪ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የጣለውን ስትለቅም ኖራለች። የጠርሙስ ቆርኪ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ጎደሎ ካልሲ፣ የምንጣፍ ቁራጭ፣ የአናጺ ፍቅፋቂ፣ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ ላስቲክ… ምን ያላነሳችው አለ? ስሙን መጀመሪያ ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር። እሷ እቴ! ወደደችው።

ዝርክርክ ግን አልነበረችም። ይህን ትንሿ ከማንም በላይ ታውቃለች። የዚያችን የአተር ጠርሙስ ክዳን ሳታጣብቅ የለቀቀችው ሟቿ አይደለችም፤ ትንሿ ራሷ ናት። ከሁለቱ እህትማማቾች በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን እንግዲህ ብቻዋን ቀረች።

ትንሿ የዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ቢሮዋ ከእህቷ ክፍል ፊት ለፊት ስለነበር ሥራ ሲቀዘቅዝላት በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር። እትዬ ቆርኪ አንድ የጫማ ካርቶን ነበራት። ጎኑን በስታ ቀዳዳው ላይ የካልሲ አንገት አጣብቃለች፤ እጅ ይገባል፣ ዓይን አይገባም። ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን እየከተቱ በዳሰሳ ብቻ ይናገራሉ።

«ምን አገኘሽ የኔ ቆንጆ?»

«ለስላሳ!»

«ለስላሳማ ብዙ ነው። እንደ ምን ያለ ለስላሳ?»

«እንደ ድመታችን ሆድ!»

«ጎሽ! አሁን ገባኝ።»

አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ትምህርት ቤት ከገባ አምስት ወር ሲሆነው አንዲት ቃል አልወጣውም። እናቱ እሱን ይዛ ያልሄደችበት ሐኪም የለም። አንድ ጠዋት እጁን ካርቶኑ ውስጥ ከተተና መንጭቆ አወጣው። ደግሞ ከተተው። ውስጥ የነበረው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው፣ በሻካራው ጎኑ። «ይቧጭራል» አለ። እትዬ ቆርኪ አላጨበጨበችም፣ አልጮኸችም፤ «አዎ፣ ይቧጭራል» ብላ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች። በእረፍት ሰዓት ግን ወደ ትንሿ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «ሰማሽ ትንሿ? ይቧጭራል አለኝ እኮ! ይቧጭራል!» ትንሿም አብራት አለቀሰች። በዚያን ዕለት ቢሞቱ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር የሚሞቱት።

ጥንቃቄዋ ደግሞ ሰው ያሰለች ነበር። ከሶፍት ጥቅል የሚተርፈውን የካርቶን ቱቦ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች፣ ሐኪም ማዳመጫውን እንደሚያንጠለጥል። ያገኘችውን ሁሉ በእሱ ታሳልፋለች። ያለፈ ነገር ሕፃን ጉሮሮ ውስጥም ያልፋል ማለት ነውና እንዲሁ ለልጅ አይሰጥም፤ ወይ ካልሲ ውስጥ ይሰፋል፣ ወይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። የጠርሙሱ ክዳን ውስጡ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል፣ በላዩ ፕላስተር ይጠመጠማል። ከዚያ ቁመቷን ያህል ከፍ አድርጋ ሲሚንቶ ላይ ሦስት ጊዜ ትለቀዋለች። ያልተከፈተ ብቻ ክፍል ይገባል። አሸዋ ያለበት፣ ጠጠር ያለበት፣ ሩዝ ያለበት፣ አተር ያለበት፤ ልጆቹ ያንቀጨቅጩና የሚመሳሰል ድምፅ ያለውን ጥንዱን ይፈልጋሉ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ጣቶቿ ማበጥ ጀመሩ። ጠርሙስ መክፈት እንኳ አቃታት። «ወዲህ በይ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አለች ትንሿ፤ እሁድ ከሰዓት አሥራ ሁለት ጠርሙስ ቤቷ ወሰደች። አሥራ አንዱን እንደ ደንቡ ሠራች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ማስቲሹ አለቀ። ሱቁ ሁለት መንገድ ማዶ ነው፤ ወገቧን ደክሟታል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ አዞረችው፣ ፕላስተር ጠመጠመችበት። ከሌሎቹ ጋር ስታስተያየው ምንም አይለይም።

«ሁሉንም አጣብቀሻል አይደል?» አለቻት እህቷ ማክሰኞ ጠዋት።

«አዎ ባክሽ።»

እትዬ ቆርኪ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሚንቶው ላይ ሳትለቅ ክፍል አስገባቻቸው። እህቷ ናታ! እህቷን ካላመነች ማንን ልታምን ነው?

በአራተኛው ቀን ከሰዓት የሟቿ ልጅ አክስቷን ወደ መኝታ ቤት ጠራቻት። ልጅቷ ነርስ ናት፣ ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። ለቀብሩ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው የደረሰችው። አልጋው ላይ ተቀምጣ አንድ ደብዳቤ ጭኗ ላይ ዘርግታለች።

«ይኼን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ አክስትዬ?»

ትንሿ ማንበብ አላስፈለጋትም። እያንዳንዱን መስመር ታውቀዋለች።

«ዳይሬክተሩ ይላል፣ እኔ እተይባለሁ ልጄ። ሥራዬ ነው።»

«አውቃለሁ፤ አንቺን አልወቅስሽም። ግን እዪውማ! ‹በፈጸሙት ከባድ ቸልተኝነት ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን›… እናቴ? ማስቲሽ ደረቀ አልደረቀ እያለች ሌሊት የምትነሳ ሴትዮ?» ነርሷ ወረቀቱን አጥፋ ዘረጋችው። «ሰባት ወር ሙሉ ስልክ ስደውልላት ‹ደህና ነኝ፣ አርፌ ነው› ትለኝ ነበር። ጎረቤት ነው አሁን የነገረኝ። ክፍሏን ሲያጸዱት እንኳ ቆማ እያየች ነበር አሉ።»

እውነት ነው፣ ቆማ አይታለች። ሦስት የጽዳት ሠራተኞች የሠላሳ አንድ ዓመቱን ልቃሚ በማዳበሪያ እየጠቀጠቁ ቆሻሻ መኪና ላይ ሲጭኑ ልጆቹ በመስኮት ተንጠልጥለው ያዩ ነበር። ዳይሬክተሩ በምትኩ ካርቶን ሙሉ የፕላስቲክ መጫወቻ አስገዛ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ። እትዬ ቆርኪ አንዱን ዳክዬ አንስታ ዓይኗን ጨፍና ዳሰሰችው። ከዚያ አንዱን መኪና። «ሁሉም አንድ ናቸው እኮ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«አንድ ሰው ነው ይኼን የሠራው» አለች ነርሷ። «ወይ ክዳኑን ፈቶታል፣ ወይ ሳያጣብቅ ሰጥቷታል። ማን እንደሆነ ሳላውቅ ከዚህ ቤት አልወጣም። እናቴ ‹ልጅ ልትገድል የነበረች› ተብላ አትቀርም።»

ትንሿ ራሷን በልቧ ገፋፋች። አሁን በይ፣ አሁን! ማን ከለከለሽ?

«ተይው ልጄ» አለች። «እሷ እንደሆን አርፋለች።»

ልጁ እኮ ምንም አልሆነም! ነገሩን ያከበደው ወሬ ነው። ከጓደኛው ጋር ጠርሙሱን ሲጓተቱ ፕላስተሩ ተላጠ፣ ክዳኑ ዞረ፣ አተሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። እትዬ ቆርኪ እስክትደርስ ልጁ አንዷን አፍንጫው ውስጥ ወትፏታል። ክሊኒክ ወስደው በመቆንጠጫ አወጡለት፤ ከረሜላ ተሰጥቶት ተመለሰ፣ ጠርሙሱንም መልሶ ጠየቀ። አባትየው ግን ነደደ። ዳይሬክተሩም ያንን «ቆሻሻ» ማስወጣት ከፈለገ ቆይቷል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳፍረዋል። ስብሰባ ጠራ። ትንሿ እንደ ወትሮዋ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ተቀመጠች።

«ይኼን ጠርሙስ ያዘጋጀው ማን ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

እትዬ ቆርኪ ክዳኑን በእነዚያ ባበጡ ጣቶቿ ታገላብጠዋለች። ደረቅ ነው። የማስቲሽ ምልክት እንኳ የለበትም። ቀና ብላ እህቷን አየቻት፤ አንዴ ብቻ።

«እኔ» አለች።

ትንሿም «እኔ» ብላ ተየበች።

በማግስቱ ቤቷ ድረስ ሄዳ እግሯ ላይ ልትወድቅ ነበር። እትዬ ቆርኪ አላስጨረሰቻትም። «አገልግሎትሽ ሠላሳ ዓመት ለመሙላት ስንት ቀረው?»

«ሁለት ዓመት።»

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊ። እኔ የምበላው አላጣም። ሁለታችንም ብንወጣ ማን ይጠቀማል?» አለችና ሻይ ጣደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ታላቂቱ መልቀሟን ግን አልተወችም። በሄዱ ቁጥር ገንዳ ውስጥ ቆርኪ ስታጥብ ትገኛለች። «ለማን ነው አሁን?» ሲሏት «እጄ ለምዶ ነው» ትላለች። ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው የጨርቅ ቁራጭ ሊሰጣት ሲገባ ገንዳው አጠገብ ወድቃ አገኛት። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ትንሿ የሐኪሞቹን ቃል ሰምታ፣ ለመጣው ሁሉ ደጋግማ ተናገረች። ልቧ ነው፣ ልቧ ነው፣ ድሮም ያማት ነበር። ድሮ አሟት አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ከኋላው አራት መምህራን አስከትሏል። ሳሎኑ ተጨናነቀ፤ ሰው ጠጋ ጠጋ አለለት። ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደለመደው ንግግር ጀመረ።

«ባልደረባችን ሕፃናትን አፍቃሪ ነበረች። ሰው ነንና ደግሞ እንሳሳታለን። በመጨረሻ ላይ የተፈጠረውን ነገር ትምህርት ቤቱ በይቅርታ አልፎታል።»

«በይቅርታ?» አለች ነርሷ።

ትንሿ ትሪ ይዛ ከኩሽና ልትወጣ እግሯን አንስታ እዚያው በሩ ላይ ቀረች።

«ማን ነው ይቅር ባዩ? እናቴ አንድ ክዳን ሳታጣብቅ ለልጅ ሰጥታ አታውቅም።»

«ልክ ናት!» አለ ልብስ ሰፊው ከጥግ። ሽማግሌ ነው፣ ድምፁ ግን አላረጀም። «ሃያ ዓመት ቁራጭ ሰጥቻታለሁ። ከእኔ ቤት አንዲት ቁልፍ ሳትለካ ወስዳ አታውቅም! በዚያች በቱቧ እያሳለፈች ‹ይኼም አይሆንም፣ ይኼም አይሆንም› እያለች ታደርቀኝ ነበር። እሷ ናት አሁን ዝርክርክ?»

ዳይሬክተሩ ላብ ላብ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይኼ ነው የሚያናድደው። ክፉ ቢሆን በቀለለ።

«እኔ በግሌ ምንም ቂም የለኝም» አለ። «ጠይቀናት ‹እኔ ነኝ› ያለችው ራሷ ናት፤ ቃለ ጉባኤው አለ። ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ ዛሬም ቢሆን ይናገር። ደብዳቤውን አነሳዋለሁ፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት ስሟን አጸዳለሁ። ይኸው፣ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።»

ዙሪያውን አየ። መምህራኑ ሲኒያቸውን አዩ። ነርሷ አንድ በአንድ ፊታቸውን መረመረች። ትንሿ ከዳይሬክተሩ ሁለት እርምጃ ላይ ናት። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው፤ እህቷ ያኔ እሷን ለማዳን የተናገረቻትን ያህል አጭር። ከንፈሯ ተከፈተ። የእህቷ ባለ ትልልቅ አበባ መጋረጃ፣ የሰዎቹ ጉልበት፣ ትሪው ላይ ያሉት ሲኒዎች ሁሉ በአንዴ ታዩዋት።

«ቡና ልጨምርልዎት?» አለችው።

ሰው ተነፈሰ። ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ።

ዳይሬክተሩ ሲነሳ በር ድረስ ሸኘችው። «ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል? ሥራው ተከምሯል» አላት።

«እሺ፣ እገባለሁ።»

ለቀስተኛው እየሳሳ ሄዶ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ነርሷ ኩሽና ገብታ ሲኒ ታጥባለች። ትንሿ ማድረቂያ ጨርቅ ይዛ አጠገቧ ቆመች። አንድ ሲኒ አደረቀች። ሌላ አደረቀች። ከዚያ በቃ፣ ሞልቶ የፈሰሰ ነገር መሆን አለበት፣ ራሷም ሳታስበው ወጣ።

«ክዳኑን ሳላጣብቅ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ነርሷ ቧንቧውን ዘጋች።

ትንሿ ሁሉንም ነገረቻት። የእህቷ ጣቶች ማበጣቸውን፣ እሁዱን፣ ያለቀውን ማስቲሽ፣ «አዎ ባክሽ» ያለችውን፣ «እኔ» ብላ የተየበችውን። አንዱንም አላስቀረችም። እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። ነርሷ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ በመሃል አላቋረጠቻትም።

«ክዳኑንስ እኔም ልረሳው እችላለሁ» አለች ነርሷ በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ደክሞኝ ሥራ ላይ ስንት ነገር ረስቻለሁ። ሰው ነሽ።»

ትንሿ እጇን ልትስማት ተጠጋች።

«ዛሬ ግን ዳይሬክተሩ እዚያ ቁጭ ብሎ ነበር» አለች ነርሷ እጇን ሰብስባ። «ተናገሩ ብሎ ለመነ። አንቺ ቡና ልጨምርልዎት አልሽው።»

«ዝም በይ ያለችኝ እሷ ናት ልጄ፤ እህቴ ናት…»

«እሷማ ሞተች። አሁን ለማን ብለሽ ነው የምትታዘዢው?»

ትንሿ የደረቀውን ሲኒ መልሳ አደረቀች። ውጭ አንድ ሰው የብረት በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ሰኞ ስትገቢ ትነግሪዋለሽ?» አለች ነርሷ። በድምፅዋ ውስጥ ገና ትንሽ ልመና ነበር። «የነገርሽኝን ብቻ ንገሪው። እኔም አብሬሽ እመጣለሁ፣ ብቻሽን አትቆሚም። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ትንሿ «አዎ» ልትል ነበር። እውነቷን ነው፣ ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አንድ ዓመት ከአምስት ወር እኮ ነው የቀረኝ።»

ነርሷ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስትመለስ የትንሿን ሹራብና ቦርሳ ይዛለች፤ ሁለቱ አምስት ቀን ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ሲያድሩ እዚያው ክፍል የነበረውን ቦርሳ። የሌሊት ልብሷን ሳይቀር አጣጥፋ ከትታበታለች። የሳሎኑን በር ከፈተችና ደፉ ላይ ቆመች፤ ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ ስትሸኝ እንደቆመችው።

ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«ስለመጣሽ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ትንሿ እጇን ጨበጠች። እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ «እግዜር ያጽናሽ» አለችና ሹራቧን ክንዷ ላይ እንደያዘች ደረጃውን ወረደች።